ሆድና ምግብ ሳይስማሙ ሲቀሩ

ቋንቋችን ለሆድ ያልሰጠው ሥራ የለም። ቻይ የሆነው ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ቡቡ፤ በትንሹ የሚያኮርፈው ሆደ ባሻ። ምሥጢር የያዘው «በሆዴ ነው» ይላል። ስንለያይ ሆዳችን ይባባል። ለጥቅሙ ያደረውንማ ሆድ አደር ብለን ስም ሰጥተነው እናልፋለን። ሆድ ካገር ይሰፋል የሚል ተረትም አለን። ይሁንና ይህን ሁሉ የተሸከመው ሆድ ራሱ የታመመ ጊዜ፣ እኛ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ያለን ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ጨጓራ!

ቃር ያቃጠለው ጨጓራ ነው። ሆዱ የተነፋበት ጨጓራ ነው። ምሳውን በልቶ ላይብረሪ ሳይደርስ ወደ ሽንት ቤት የሮጠውም ጨጓራ ነው። ለፈተና ሲሸመድድ አድሮ ቁርሱን የተወው፣ ፍቅረኛው የተለየችው፣ ሁሉም ጨጓራ ነው። በሽታው ስም ወጥቶለት፣ ካርድ ሳይወጣለት ይታከማል። አንዱ ተልባ ጠጣ ይላል፤ ሌላው አብሽ፤ ሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት በማር፤ አራተኛው ወተት። መካሪው ሞልቷል፤ የሚጠይቅ ግን የለም።

ቋንቋችን ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አለው። እናቶቻችን «ይኸ ምግብ አልተስማማኝም» ይላሉ። ልብ ብለን ብናየው ትልቅ ቃል ነው። ለመስማማትም ሆነ ላለመስማማት ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ምግቡን ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም፤ ሆዱንም ብቻውን አይከስም። ያው ምግብ ለጎረቤት ጥጋብ፣ ለእኛ ቁርጠት ሊሆን ይችላል። በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት ጥንታውያን የግሪክ ጽሑፎች በአንዱ፣ አይብ ሰውን ሁሉ እኩል እንደማይጎዳ፣ አንዱ እስኪጠግብ በልቶ ደህና ሲሆን ሌላው እንደሚታመምበት ተጽፏል። ነገሩ እንግዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የታወቀ ነው።

ይህችን ጽሑፍ ስናቀርብ ሐኪም ነን ብለን አይደለም። በዶርማችን ካለነው ስድስት ልጆች አንድም የሕክምና ተማሪ የለም። ሁለታችን ታሪክ፣ ሁለታችን ቋንቋ፣ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ሕግ ያጠናል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ በሆዱ ምክንያት ከማዕዳችን ቀስ በቀስ ሲርቅ አይተናል። ከሐኪም ፊትም አብረነው ተቀምጠናል። እዚያ የሰማነውን፣ ከዚያም በኋላ ላይብረሪ ገብተን ያነበብነውን ለእናንተ ማካፈል ይገባናል ብለን ነው። ልጁም ይህን ስንጽፍ ፈቅዷል፤ ስሜን ብቻ ተዉልኝ ብሎናል፤ ትተንለታል።

* * *

ባለ ታሪካችን ከጎጃም ገጠር የመጣ ብርቱ ልጅ ነው። በጥር፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ሲደርስ ቃር ጀመረው። ሌሊቱን በሻይና በቡና ገፍቶ፣ ቁርሱን ዘልሎ፣ ምሳውን ሲጣደፍ እየበላ ስለነበር ቃሩ አያስገርምም። የግቢው መካሪ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ብዙው ወተት አዘዘ። ልጁም ከግቢው በር ፊት ለፊት ባለችው ወተት ቤት ጧት ጧት ግማሽ ሊትር ወተት ይጠጣ ጀመር። ፈተናው አለቀ፤ ቃሩም ተወው። ወተቱ ግን ቀጠለ።

ጥቂት ሰንብቶ ሌላ ነገር መጣ። ሆዱ ይነፋል፤ ይጮኻል። ይኸው ጩኸት ሰው ጸጥ ባለበት ክፍል ውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቁርጠት አለ፤ ተቅማጥም አለ። «ጨጓራዬ ተነሣ» አለና በርበሬ ተወ። አልሻል ሲለው ቡና ተወ። ከዚያ የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ልጁ ጾመኛ ነው፤ በሁዳዴ ሻለው። «አያችሁ! በርበሬና ቡና ነበሩ» አለን።

ፋሲካ ሲፈታ ሕመሙ ተመለሰ። እንግዲህ ተጠርጣሪው ሌላ መሆን አለበት ተባለና ተራው የሽሮ ሆነ። ከሽሮ በኋላ ምስር፤ ከምስር በኋላ ሽንኩርት የገባበት ሁሉ፤ በመጨረሻም ዳቦ። ግንቦት ሲጋመስ የሚበላው የተቀቀለ ድንችና ሩዝ ብቻ ሆኖ ነበር። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳበት።

ክብደቱን እንተወው። እኛን የነካን ሌላው ነገር ነው። ስድስታችን በካፌ ትሪያችንን አቀላቅለን ነበር የምንበላው። አንዱ ሽሮውን፣ ሌላው አልጫውን ወደ መሐል ያፈሳል፤ እንጀራ ያለቀበት ከጎኑ ይቆርሳል። ልጁ መጀመሪያ ትሪውን ለየ። ቀጥሎ ጠረጴዛውን ለየ። ከዚያ ሰዓቱን ለየ፤ እኛ ስንወጣ እሱ ይገባል። የአንዳችን አክስት ለፋሲካ ማግሥት ቤታቸው ጠርተውን፣ እንግዳ ነው ብለው ጉርሻ ጠቅልለው ቢዘረጉለት «ይቅርብኝ እማማ፣ ሆዴን ያመኛል» አለ። እሳቸውም እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ «ምን አድርጌበት ይሆን?» ብለው ዝም አሉ። በአገራችን ምግብ መከልከል ሰው መከልከል ነው። ከዝርዝሩ አንድ ወጥ በተሰረዘ ቁጥር አንድ ማዕድ፣ አንድ ወዳጅ፣ አንድ የዘመድ ቤት አብሮ ይሰረዛል። በዚህ ላይ ከውጭ የሚያየው «ቅብጠት ነው» ይላል። ልጁም ሕመሙን ከመናገር መደበቅን መረጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እያወቀ።

* * *

በግንቦት መጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ደጁ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም አልቸኮሉም። እኛ መድኃኒት ይጽፉለታል፣ ወይም በመሣሪያ ሆዱን ያዩታል ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው መጠየቅ ጀመሩ።

መጀመሪያ የጠየቁት አደገኛውን ነገር ነበር። በሰገራህ ደም አይተህ ታውቃለህ? ትኩሳት አለህ? ሕመሙ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል? ሳትፈልገው ከሳህ ወይስ ምግብ ስለቀነስክ? በቤተሰብህ የአንጀት በሽታ ያለበት አለ? ከበላህ በኋላ ከንፈርህ አብጦ፣ ገላህ ተንፍቶ፣ ትንፋሽ አጥሮህ ያውቃል? እነዚህን አንድ በአንድ ካጣሩ በኋላ ወደ ምግቡ መጡ። ምን? ስንት? ከበላህ ከስንት ሰዓት በኋላ? ሁልጊዜ ወይስ አንዳንዴ? ልጁም የተዋቸውን ሁሉ እንደ ዳዊት ደገመላቸው።

«ጥሩ» አሉ፤ «የተውከውን ነገርከኝ። ለመድኃኒት ብለህ የምትወስደውስ አለ?»

«ወተት ነው ዶክተር። ጧት ጧት ግማሽ ሊትር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

«በሁዳዴስ?»

«በሁዳዴማ ጾመኛ ነኝ፤ አልጠጣሁም።»

«ሆድህስ በሁዳዴ እንዴት ነበር ልጄ?»

ልጁ ዝም አለ። እኛም ተያየን። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር እየበላ ደህና ነበር። ሽሮን የከሰሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሟ ግን እዚያው ላይ አልፈረዱም። ይኸ ነው እኛን ያስደነቀን። «ፋሲካ ምስክር ነው፤ ግን ሙሉ ምስክር አይደለም» አሉ። «በፋሲካ የሚመለሰው ወተት ብቻ አይደለም። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ዶሮው፣ መብዛቱ ሁሉ አንድ ቀን ነው የሚገባው። የሚታወቀው አንድ በአንድ ስንመልስ ነው።» ሰገራውና ደሙ እንዲመረመር አዘዙ። በሰገራው ጥገኛ ሕዋስ አልተገኘም፤ ደሙም አላነሰም። ትእዛዛቸውም እንዲህ የሚል ነበር። ወተቱን ለሁለት ሳምንት ተወው። ሌላውን የከለከልከውን ሁሉ ግን በሦስት በሦስት ቀን አንድ አንዱን መልስ፤ የሆነውንም ጻፍ። በመጨረሻ ወተቱን ራሱን በጥቂቱ መልሰህ እይ። «ለመከልከልማ ማን ሐኪም ያስፈልገዋል?» አሉ፤ «ሐኪም የሚያስፈልገው ለመመለስ ነው።»

* * *

ከዚህ በኋላ ያነበብነውን እንንገራችሁ።

ሐኪሞች መጀመሪያ የሚለዩት አለመስማማትን ከጠብ ነው። ጠቡ አለርጂ የሚባለው ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና ሐኪም ነበር። አለርጂ ሲሆን የሰውነት መከላከያ ኃይል ምግቡን እንደ ወራሪ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ጥቂቷ ቅንጣት ትበቃዋለች። በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር ሊያሳብጥ፣ ጉሮሮ ሊዘጋ፣ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አለርጂ የተጠረጠረበት ሰው ምግቡን ለሙከራ በዶርሙ መልሶ መብላት የለበትም፤ ያ የሐኪም ቤት ሥራ ነው። አለመስማማት ግን ሌላ ነው። መጠኑ ይወስነዋል፤ ጥቂቱን ይችሉታል፣ ብዙውን አይችሉትም። ያሰቃያል፣ ያሳፍራል፤ እንደ አለርጂ ጉሮሮ ዘግቶ አይገድልም።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል፤ ሴሊያክ ይባላል። በስንዴ፣ በገብስና በአጃ መሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ነገር የመከላከያ ኃይልን ያሳስተውና ሰውነት የገዛ ትንሹን አንጀቱን ይጎዳል። የዚህ በሽታ ምክንያት የተገኘበት ታሪክ የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት ሆላንድ በረኀብ ተመታች፤ ዳቦ ጠፋ። ዊለም ዲከ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ከዚያ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በረኀቡ ጊዜ ሌላው ሕፃን ሲከሳ፣ የሴሊያክ ሕሙማኑ ሲሻላቸው አየ። ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ዲከ ይህን አጥንቶ በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበበት። ልብ በሉ፤ ማስረጃው የተሟላው ዳቦው ሲጠፋ አልነበረም፤ ሲመለስ ነው። ዛሬ ለሴሊያክ የደም ምርመራ አለ። ይሁንና ሰውየው ዳቦ ትቶ ከሰነበተ ምርመራው ሊያታልል ይችላል። ሐኪሟ ባለ ታሪካችንን «ዳቦውን ሳትመረመር አትተው» ያሉት ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጤፋችን አንድ ቃል ጣል እናድርግ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ቆጮም፣ ማሽላም፣ በቆሎም የላቸውም። ግን እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። እዚህም ገብስ ይደባለቅበታል፤ በአሜሪካና በኤውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ጤፍ ሲወደድባቸው ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ቀላቅለው ይጋግራሉ። ሴሊያክ ያለበት ሰው እንግዲህ «እንጀራ ነው» ሲባል ዝም ብሎ አይቆርስም፤ ዱቄቱን ይጠይቃል።

* * *

አሁን ወደ ወተቱ እንመለስ። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ለሁለት ሲከፈል ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ በትንሹ አንጀት ያለው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ጥጃም፣ ግልገልም፣ የሰው ልጅም ሲወለዱ ላክቴዝ ሞልቷቸው ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ ግን ተፈጥሮ ይህን ሥራ ቀስ በቀስ ትዘጋዋለች። ያልተከፈለው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይደሰቱበታል፤ ያብላሉታል፤ ጋዝ ያወጣሉ። ስኳሩም ውኃ ይስባል። መነፋቱ፣ ጩኸቱ፣ ቁርጠቱ፣ ተቅማጡ ከዚህ ይመጣል። ጥሬው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው፤ መርዝም፣ መቅሠፍትም የለበትም።

ከዓለም አዋቂ ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው ጎደሎ ሰው አይደለም፤ ብዙኃኑ እሱ ነው። ልዩ የሆነው አድጎም ወተት እንደ ልቡ የሚጠጣው ነው። ይህ ችሎታ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ መሆኑን፣ በኤውሮፓውያን ዘንድ ያለውን ለውጥ፣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2002 አሳዩ። በ2007 ሳራ ቲሽኮፍና ጓደኞቿ በታንዛንያ፣ በኬንያና በሱዳን ሕዝቦች ዘንድ ከኤውሮፓው የተለዩ ሌሎች ለውጦች መኖራቸውን ገለጡ። በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ በእኛው በኢትዮጵያ ይህ ችሎታ ከአንድ ለውጥ ብቻ ሳይሆን ከብዙ የተለያዩ ለውጦች እንደሚመጣ አሳየ። ከብትና ግመል ያረቡ ሕዝቦች በየአገራቸው፣ በየራሳቸው መንገድ ከወተት ጋር ተስማምተዋል ማለት ነው። ከጎዴ የመጣው የዶርማችን ልጅ አንድ ሊትር ወተት ጠጥቶ ወዲያው ኳስ ሲጫወት፣ ባለ ታሪካችን በግማሹ የሚታጠፈው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ አያቶቻቸው የኖሩት ኑሮ ነው።

የአያቶቻችን ብልሃት ደግሞ በዘር ብቻ አልቀረም። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያው ከላክቶሱ ከፊሉን ይበላዋል፤ የቀረውንም በሆዳችን ውስጥ ሲከፋፈል ያግዛል። አይብ ሲነጠር አብዛኛው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። በንጥር ቅቤ ውስጥማ የለም ቢባል ይቀላል። ባለ ታሪካችን ባገሩ እርጎና አሬራ ጠጥቶ አድጎ ሆዱ ሳያስቸግረው፣ ከተማ መጥቶ ያልረጋ ወተት ሲጠጣ የታመመበት ምሥጢር ይኸው ነው። ወተት ለጨጓራ ይበጃል የሚለው ምክርም ቢሆን ሲመረመር አያዛልቅም። ወተት ቃርን ለጥቂት ጊዜ ያበርዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል። በርበሬም ቢሆን ያቃጥል ይሆናል እንጂ የጨጓራን ቁስል አያመጣም። ለቁስሉ ትልቁ ምክንያት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ሽሮስ? ሽሮ ንጹሕ ነው አንልም። በአተር፣ በሽምብራ፣ በባቄላና በምስር ውስጥ የማንም ሰው አንጀት ሊከፍላቸው የማይችላቸው የስኳር ዓይነቶች አሉ። በዚህስ ከጎዴ የመጣውም፣ ከጎጃም የመጣውም እኩል ነን፤ ሁላችንም ጋዝ እናወጣለን። ከሽሮ በኋላ በዶርም የሚሆነውን ለእናንተ መንገር አያሻም። ልዩነቱ የአንዳንዱ አንጀት ነርቭ ጋዙን አብዝቶ መስማቱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥራጥሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ መጠኑንም መቀነስ ሊረዳው ይችላል። ነጭና ቀይ ሽንኩርትም፣ ስንዴም ፍሩክታን የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለባቸው።

* * *

ይህን ሁሉ ያወቀ ሐኪም ታዲያ ለምን አንድ ምርመራ አዝዞ አይገላገልም? ለላክቶስስ ምርመራ አለ። ሕመምተኛው ጦሙን አድሮ የተለካ ላክቶስ ይጠጣል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ትንፋሹ ይለካል። የሰው ሰውነት ሃይድሮጂን አይሠራም፤ የሚሠሩት የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። በትንፋሹ ሃይድሮጂን ከበዛ ስኳሩ ሳይፈጭ ወርዷል ማለት ነው። ብልህ ምርመራ ነው፤ መሣሪያው ግን በየሐኪም ቤቱ አይገኝም። ለሌላው አብዛኛው የምግብ አለመስማማት ግን ቁርጥ ያለ የደም ምርመራ የለም። በደም ውስጥ አይጂጂ የሚባለውን ለክተን የማይስማማህን መቶ ምግብ እንነግርሃለን የሚሉ በየአገሩ አሉ። የኤውሮፓና የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ይህን ምርመራ አይቀበሉትም፤ የሚለካው ሰውየው ምን ሲበላ እንደኖረ እንጂ ምን እንደማይስማማው አይደለም ይላሉ።

የራሳችን ስሜትስ ምስክር አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። በኦስሎ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። ሴሊያክ የሌለባቸው፣ ግሉተን አይስማማንም ብለው ግን ስንዴ የተዉ 59 ሰዎች ተመረጡ። በጣዕም የማይለዩ ሦስት ዓይነት የሙዝሊ ባሮች በየተራ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ በሉ። አንዱ ግሉተን ነበረበት፤ አንዱ ፍሩክታን፤ አንዱ ሁለቱም የለበትም። በግሉተኑ ከሁሉ የባሰባቸው 13 ሰዎች ናቸው፤ በፍሩክታኑ 24፤ ምንም በሌለበት ደግሞ 22። ሃያ ሁለቱ ዋሾዎች ናቸው? አይደሉም። ሆዳቸው በእርግጥ ታሟል። ሆድ ከፍርሃትም፣ ከሐሳብም፣ ከጠበቀው ክፉ ነገርም ይታመማል፤ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ የሚሉት አያቶቻችን ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ስለዚህ ሐኪም «አላምንህም» ማለቱ አይደለም ደግሞ ደጋግሞ ሲጠይቅ፤ ከተከሰሱት መካከል ያላጠፋውን ሊያስፈታልን ነው።

ባለ ታሪካችን በተነገረው መሠረት አደረገ። የአንድ ደብተር ወረቀት አራት ላይ ከፈለ፤ ሰዓት፣ የበላሁት፣ መጠኑ፣ የሆነው። ሽሮ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ምንም የለም። ምስር ተመለሰ። በርበሬ፣ ዳቦ፣ ቡና ተመለሱ። በሰኔ ወተት በጥቂቱ ጀመረ። ሩብ ብርጭቆ፣ ደህና። አንድ ብርጭቆ ከምግብ ጋር፣ ትንሽ ጩኸት ብቻ። ግማሹን ሊትር በባዶ ሆድ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የድሮው ጣጣ። ይህም መጽሐፍ ከሚለው ጋር ይስማማል። ላክቶስ የማይፈጩ ብዙ ሰዎች 12 ግራም ያህል፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ወተት ይችላሉ፤ ግማሽ ሊትር የዚህ እጥፍ ነው። ዛሬ ልጁ ማኪያቶ ይጠጣል፤ እርጎ ይበላል፤ የወተት ቤቷን ትልቁን ብርጭቆ ብቻ ትቷል። ከሰባት ክልክል ምግቦች የቀረው አንድ፣ እሱም በልክ።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ይህን የጻፍነው ሁሉም ሰው ወተት ይተው ብለን አይደለም። የአንዱ ሆድ ለሌላው ሕግ አይሆንም። የምንለው ይህን ያህል ነው። ደም ያየ፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ሌሊት ሕመም የሚቀሰቅሰው፣ ምግብ ሲበላ ፊቱ የሚያብጥ ሰው ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ዶርም ውስጥ አይመከር። ሌላው ደግሞ ምግብ ከመሰረዙ በፊት ሁለት ሳምንት ይጻፍ፤ ወረቀቷንም ይዞ ይቅረብ። ወረፋው ረጅም፣ የሐኪሙ ሰዓት አጭር ነው፤ በደንብ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ብዙ ጥያቄ ታስቀራለች። ሲሄድም ለመድኃኒት ብሎ የሚወስደውን ሁሉ፣ ተልባም ይሁን አብሽ፣ ክኒንም ይሁን ወተት፣ ሳያፍር ይናገር። የተወውን ምግብ ደግሞ እንደ ተወ አይቅር፤ መልሶ ይሞክረው።

እኛ ጤነኞች ነን የምንለውም ድርሻ አለን። ጉርሻ የመለሰልንን ሰው ቀበጥ ከማለታችን በፊት «የትኛው ነው የማይስማማህ?» ብለን እንጠይቀው። ትሪው ላይ ለእሱ የሚሆነውን በአንድ ጥግ እናድርግለት። ከሽሮው ባይነካ እንኳ ከጨዋታው ይነካል፤ ወንበሩም ባዶ አይሆንም።